ባዶ የቀረው የውሳኔ ዓምድ፦ ከአንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ለ11 ዓመት የአንድ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ወንበሬ ከአፈ ጉባኤው በስተግራ፣ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጎርፍ ሲወራ ሰምቻለሁ። ሥራዬ ስለሆነ አልናገርም። እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ።

የምጽፍበት ቅጽ አራት ዓምድ ነበረው፦ አጀንዳ፣ የተነሱ ሐሳቦች፣ ውሳኔ፣ ፈጻሚ። ይህን የምጽፈው ሦስተኛው ዓምድ ስንትና ስንት ጊዜ ባዶ ሲቀር ስላየሁ ነው። ሰዎች ከሥራ ቀርተው፣ ልጅ ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ይመጣሉ። የልባቸውን ይናገራሉ። አዳራሹ ያዳምጣቸዋል። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ብዙዎቹ “አልሰሙንም” እያሉ ነው የሚወጡት። እኔ ግን ምስክር ነኝ፣ ተሰምተዋል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

አንዲት እናት አለች፣ የማልረሳት። ልጇን ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና ገጨው። እግሩ ተሰበረ፣ ነፍሱ ግን ተረፈች። መንገዱ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ የለም። የመኪና ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታም የለም። እናትየው ምክር ቤቱ ድረስ መጣች። “ልዩ ልዩ ጉዳዮች” በሚለው ሥር የ3 ደቂቃ ዕድል ተሰጣት። እጇ ላይ ፌስታል ነበር። ከውስጡ የልጁን የቀኝ እግር ጫማ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከኔ ወረቀት አንድ ክንድ አይርቅም። ማሰሪያው በመቀስ ተቆርጧል። ሐኪም ቤት ሲደርስ እግሩ አብጦ አልወልቅ ስላለ ነው የቆረጡት።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለት የምክር ቤት አባላት ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። አፈ ጉባኤው ከልባቸው አዝነው “እግዜር ይማርልሽ እህቴ። በጥሞና ሰምተንሻል” አሏት። ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፍን።

እኔ ብዕሬን ሦስተኛው ዓምድ ላይ አድርጌ ቀረሁ። የሚጻፍ አልነበረም። ማንም “ይህ ይወሰን” ያለ የለም። እሷም “አንድ ነገር አድርጉልን” ነው ያለችው። “ሐሳቡ ተደምጧል” ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ሁለት ቃል ዛሬም ሳስባት ትከብደኛለች።

ስብሰባው ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። “ታዲያ ምን ተወሰነ?” አለችኝ። “ምንም” አልኳት። አንጀቴን በላችው።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ወገን መያዝ የለበትም። አሠራሩን ማስረዳት ግን ወገን መያዝ አይደለም፣ እንዲያውም ግዴታችን ነው። ስለዚህ እዚያው ቆመን የማውቀውን ነገርኳት። ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው በተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። በአዘቦቱ ቋንቋ የውሳኔ ሐሳብ የምንለው እሱን ነው። ማን ይሥራ፣ ምን ይሥራ፣ የት፣ በየትኛው ገንዘብ፣ እስከ መቼ። እነዚህ አምስቱ ከሌሉ አባላቱ ምንም ያህል ቢያዝኑ እጅ የሚያወጡበት ነገር የላቸውም።

እሷ ቤቷ ሄዳ የጻፈችው ይህን ይመስል ነበር፦ “የመንገድ ሥራ ክፍሉ፣ በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት አንድ የእግረኛ ማቋረጫና ሁለት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከመንገድ ጥገና በጀት፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሠርቶ እንዲያጠናቅቅ ምክር ቤቱ ይወስን።” በቃ። አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ነገር ነው። ሦስት ቀን እንደፈጀባት ነግራኛለች። አያስገርመኝም። ብሶትን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ማውረድ ቀላል አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ የምትተዉት ነገር ይኖራል፣ እሱም ያማል። እሷ አሽከርካሪው እንዴት እንደሮጠ፣ ሐኪም ቤት እንዴት እንደተጉላሉ ሁሉን ትታ ማቋረጫውን ያዘች።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። መንገዱ የማን ነው? ይህን ሳያጣሩ ወራት ያባከኑ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ መንገድ የአካባቢው አስተዳደር ሆኖ፣ ከሱ ጋር የሚገናኘው ዋና መንገድ የበላይ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ውሃም፣ መብራትም፣ ጤና ጣቢያም እንዲሁ ነው። ምክር ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሥር ባልሆነ ነገር ላይ “ይሠራ” ብሎ ሊወስን አይችልም። ሊወስን የሚችለው “ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ይቅረብ” ብሎ ነው። እሱም ዋጋ አለው፣ የምክር ቤት ማህተም ያለበት ደብዳቤ ከአንድ ሰው ማመልከቻ ይልቃል። ግን ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ነው። ደብዳቤውን ማን ይጽፋል፣ በስንት ቀን ይላካል፣ መልሱ መቼ ለምክር ቤቱ ይቀርባል የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር አጀንዳ ነው። ብዙ ሰው “ልዩ ልዩ” ላይ መናገርን እንደ ትልቅ ዕድል ያየዋል። እኔ ከነበርኩበት ወንበር ሲታይ ጉዳዮች ተድበስብሰው የሚያልፉት እዚያ ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። በብዙ አገር ምክር ቤት አስቀድሞ በአጀንዳ ባልተገለጸ ጉዳይ ላይ እንዳይወስን ሕጉ ራሱ ይከለክለዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚሠራበት የስብሰባ ሕግ አለ። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ለሕዝብ መለጠፍ አለበት። እዚያ ያልሰፈረ ጉዳይ፣ ከጥቂት አስቸኳይ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አይወሰንበትም። በእንግሊዝ ደግሞ ለዋና ዋናዎቹ የአካባቢ ምክር ቤቶች 5 የሥራ ቀን ነው። ሕጉ የወጣው ሕዝብ ሳያውቅ ነገር እንዳይወሰንበት ነው። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ግን ድንገት ተነስቶ የተናገረን ሰው ጉዳይም እዚያው ያስቀረዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ። የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንቡን ኮፒ ስጡኝ በሉ። አጀንዳ የሚዘጋው መቼ ነው በሉ። ማመልከቻ ስታስገቡ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። “ሰጥቻለሁ” እና “በዚህ ቁጥር ገቢ ሆኗል” የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አቤቱታ ማቅረብ ልመና አይደለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ላይ ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር አብሮ የተጻፈ መብት ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ቀና ብላችሁ ጠይቁ።

በብዙ ምክር ቤት አጀንዳ የሚያስይዘው አባል ወይም ኮሚቴ ነው፣ ነዋሪ በቀጥታ አያስይዝም። ስለዚህ ጉዳዩን “የኔ ነው” የሚል አንድ አባል ያስፈልጋችኋል። ሰዎች እዚህ ላይ ከአፈ ጉባኤው ወይም ከታወቀው ተናጋሪ ይጀምራሉ። እኔ ግን ባየሁት ብዙ ፍሬ ያፈሩት ዝምተኞቹ ናቸው። ሰነድ አንብበው የሚመጡ፣ በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ የሚሠሩ። እናትየው ያገኘቻቸው አባል በስብሰባ ላይ በዓመት አምስት ጊዜ ቢናገሩ ነው። ሲናገሩ ግን ሰው ወረቀቱን አስቀምጦ ያዳምጣቸዋል።

ስለ ማስረጃ ላውራ፣ እዚህ ላይ ልቤ ያለ ነገር ስላለ። አንድ አባባ ነበሩ። ሰፈራቸው ያለው የመንገድ መብራት አይበራም። ሌላ ሰው ቢሆን “ሁልጊዜ ጨለማ ነው” ይላል። እሳቸው ትንሽ ደብተር ይዘው መጡ። በየምሽቱ ከእራት በኋላ በር ላይ ወጥተው አይተው ጽፈዋል። ቀን፣ ሰዓት፣ “በርቷል” ወይም “አልበራም”። በእርሳስ፣ መስመር ሳይስቱ። ከ60 ምሽት 41ዱ “አልበራም” ይላል። የክፍሉ ኃላፊ “መብራቱ ተጠግኗል” ብለው ሪፖርት አቅርበው ነበር። አባባ አልተጨቃጨቁም። “ልጄ፣ እስቲ ይህንን አንብብላቸው” ብለው ደብተሩን ለአንዱ ወጣት አባል አቀበሉት። ወጣቱ ቀኖቹን አንድ በአንድ ሲያነብ ኃላፊው አንገታቸውን ደፉ። ያን ዕለት የውሳኔ ዓምዴ ሞላ።

የፊርማ ነገርም እንደዚሁ ነው። ብዛት ብቻውን አያሳምንም። አባላቱ መጀመሪያ የሚያዩት ፈራሚዎቹ የት እንደሚኖሩ ነው። ከየትም የተሰበሰበ 300 ፊርማ ሲመጣ አገላብጠው ያስቀምጡታል። የቤት ቁጥር ያለበት፣ ከአንድ መንገድ የመጣ 40 ፊርማ ሲመጣ ግን ያ ቀጠና የመረጣቸው አባል ወንበራቸውን ያስተካክላሉ። እናትየው ፊርማውን ያሰባሰበችው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ልጅ ሊወስዱ ከመጡ ወላጆች ነው። ከስም ጎን “ልጄ ስንተኛ ክፍል ነው” የሚል ቦታ ጨመረችበት። ይህ የራሷ ሐሳብ ነው፣ እኔ አልነገርኳትም።

ከዚያ ጉዳዩ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሄደ። ስለ ምክር ቤት አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብትሉኝ ይህን እነግራችኋለሁ፦ ሰው አዳራሹን ያያል፣ ነገሩ ግን ቀድሞ ኮሚቴ ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል። አዳራሽ ውስጥ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ አባላት አቋማቸውን በመዝገብ የሚያስፍሩበት ነው። ሐሳብ የሚቀየረው አምስትና ስድስት ሰው በተቀመጠበት ትንሽ ክፍል ነው። ባለሙያው “ይህን ያህል ያስወጣል፣ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል” የሚለው እዚያ ነው። የኮሚቴው ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ሂዱ። ዝግ ከሆነ በጽሑፍ አስገቡ። ኮሚቴው “ይደገፍ” ብሎ የላከው ጉዳይ አዳራሽ ሲደርስ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የውሳኔው ቀን ደረሰ። አዳራሹ በወላጆች ተሞላ። አፈ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳቡን አነበቡ። ተደገፈ። ከዚያ አንድ አባል እጅ አወጡ። “ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ነገር ግን ‘ትምህርት ከመከፈቱ በፊት’ የሚለው አስፈጻሚውን እንዳያስጨንቅ ‘በተቻለ ፍጥነት’ ተብሎ ይስተካከል” አሉ። ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ማሻሻያው ጸደቀ። ሐሳቡም በሙሉ ድምፅ አለፈ። ወላጆቹ ቆመው አጨበጨቡ። እናትየው እያለቀሰች ከወላጆቹ ጋር ተቃቀፈች።

እኔ “በተቻለ ፍጥነት” ብዬ ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ የት እንደሚደርስም አውቃለሁ። ቀን የሌለው ውሳኔ ዘግይቷል ሊባል አይችልም። ማንም ተጠያቂ አይሆንም። ትምህርት ተከፈተ፣ ምንም የለም። ክረምትና በጋ ተፈራረቁ፣ ምንም የለም። ክፍሉ ሲጠየቅ “በሂደት ላይ ነው” ይላል። ውሸት አልተናገረም፣ “በተቻለ ፍጥነት” ነው የተባለው።

እንደዚህ ያሉ ቃላት ሲመጡ ጆሯችሁ ይቁም። “ይታይ”፣ “ይጠና”፣ “ትኩረት ይሰጠው”፣ “ለሚመለከተው አካል ይመራ”። እያንዳንዳቸው ጥሩ ቃል ናቸው። ግን “ይጠና” ከተባለ ማን ያጥናው፣ በስንት ቀን ውጤቱን ይዞ ይመለስ የሚል አብሮ መጻፍ አለበት። “ይመራ” ከተባለ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጻፍ። ሐሳባችሁን ያቀረበላችሁን አባል አስቀድማችሁ “ቀኑ እንዳይነካ” ብላችሁ ለምኑ። ሌላ ሌላውን ቢያሻሽሉት ግድ የለም። ቀኑን ግን ይጠብቁላችሁ።

ማሻሻያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም ይጠቅማል። በብዙ ጉባኤ ማሻሻያው ከዋናው ሐሳብ በፊት ድምፅ ይሰጥበታል። ሥነ ሥርዓቱ አሰልቺ ይመስላል፣ ግን የመጣው ከችግር ነው። ሄንሪ ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1863 የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ተባለ። እንዴት እንደሚመራ አያውቅም ነበር፣ ስብሰባው ተበጠበጠበት። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሲያጠና ቆይቶ በ1876 የስብሰባ ደንቦቹን አሳተመ። በተለይ በአሜሪካ ብዙ ማኅበራትና ምክር ቤቶች እስከ ዛሬ በእነዚያ ደንቦች ላይ ተመሥርተው ይሠራሉ። ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን የሚለው ነው። ይህን ያወቀ ነዋሪ፣ ማሻሻያው ላይ እጅ ሲወጣ ምን እየተቀየረ እንደሆነ ልብ ይላል። ወላጆቹ ያን ቀን ይህን አላወቁም። በኋላ እኔም ልነግራቸው ይገባ ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አዝኛለሁ።

እናትየው ከዓመት በኋላ ተመለሰች። አልተቆጣችም። ደክሟት ነበር። “እንደገና ከመጀመሪያ ነው?” አለችኝ። አዎ፣ ግን በዚህ ጊዜ ታውቂያለሽ አልኳት።

በዚህ ዙር ሦስት ነገር ለወጠች። አንደኛው ጊዜው ነው። በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ “ገንዘብ የለም” የሚል መልስ ይጠብቀዋል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በጀቱ ገና ረቂቅ ሳለ መጣች። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪዎች በበጀቱ ላይ ከመጽደቁ በፊት እንዲመክሩ የሚያስችል አሠራር ጀምራ ለሌላው ዓለም አርአያ ሆናለች። ብዙ ቦታ እንደዚያ ያለ መድረክ የለም። ግን ረቂቅ በጀት የሚዘጋጅበት ወር የትም አለ። ወሩን ጠይቃችሁ ያዙት።

ሁለተኛው፣ የሚቃወሙትን ሄዳ አነጋገረች። ባለፈው ጊዜ ሁሉም ስለደገፈ ተቃዋሚ ያለ አይመስልም ነበር። ቁርጥ ያለ ቀንና ገንዘብ ሲመጣ ግን ተቃውሞው ብቅ አለ። በመንገዱ ዳር ሱቅ ያላቸው ሰዎች ማቋረጫው ዕቃ የሚያወርዱበትን ቦታ ይወስድብናል ብለው ሰግተዋል። አንድ አባል ድምፃቸው ሆነው ቆሙ። እናትየው ቢሯቸው ሄደች። እንዲህ አለቻቸው አለችኝ፦ “ጋሼ፣ ልጅዎ እዚያ መንገድ ላይ ቢሻገር ምን ይሰማዎታል ብዬ አልጠይቅዎትም። ዕቃ የሚራገፈው በስንት ሰዓት ነው?” ጠዋት በማለዳ እንደሆነ ነገሯት። ልጆች ከመግባታቸው በፊት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ላይ “ዕቃ ማራገፍ ከትምህርት ሰዓት በፊት እንደሚፈቀድ ሆኖ” የሚል ተጨመረ። አባሉ አልደገፉም። ግን መቃወማቸውን ተዉ።

ሦስተኛው፣ የድምፅ አቆጣጠሩን ደንብ አነበበች። ይህ ወሳኝ ሆነ።

ምክር ቤቱ 21 አባላት አሉት። ምልዓተ ጉባኤ፣ ለመወሰን መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር፣ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 11 ሰው ነው። ሰው ይህን ቀላል ነገር ያደርገዋል። እኔ ግን አጀንዳቸው ዘጠነኛ ሆኖ፣ ተራው ሲደርስ አባላት አንድ በአንድ ወጥተው ምልዓተ ጉባኤ የጎደለባቸው ሰዎች አይቻለሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቀው “ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል” ተባሉ። አጀንዳችሁ ወደፊት እንዲመጣ መጠየቅ ትችላላችሁ። እናትየው በተወካይዋ በኩል ጠየቀች፣ ሦስተኛ ሆነላት።

በዕለቱ 18 አባላት ተገኙ። ጉዳዩ ሲጠራ አንዱ ተነሱ። “በመንገዱ ላይ የቤተሰቤ ንብረት ስላለ የጥቅም ግጭት አለብኝ። በክርክሩም በድምፁም አልሳተፍም” ብለው ወጡ። ማንም ያንን ባላወቀ ነበር። በሩን ቀስ ብለው ሲዘጉት አይቼ ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ጨመረ። ስንት ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። 17 ቀሩ።

ክርክሩ ረዘመ። የበጀት ጥያቄ ተነሳ። አንዱ አባል “ሌላ ሰፈርም ትምህርት ቤት አለ፣ ለምን እዚህ ብቻ?” አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እናትየውን የወከሉት ዝምተኛው አባል ቆሙ። “እዚያም ይሠራ። የውሳኔ ሐሳብ ያምጡ፣ እኔ ቀድሜ እደግፋለሁ። ዛሬ ግን ፊታችን ያለው ይህ ነው” አሉና ተቀመጡ። አንድ ሰው “በተቻለ ፍጥነት ይባል” ብሎ ሊጀምር ሲል እኚሁ አባል “ባለፈው ዓመት ብለነዋል” አሉ። አዳራሹ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልተሰማም።

“የምትደግፉ እጅ አውጡ።” ቆጠርኩ። ሰባት። አንዲት አባል እጃቸው ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ክርናቸው አልተነሳም። አልተነሳም ብዬ እንዳልተወው፣ ተነስቷል ብዬ እንዳልቆጥረው ጨነቀኝ። ለአፈ ጉባኤው በእጄ ምልክት ሰጠሁ። “ክብርት፣ እየደገፉ ነው?” አሏቸው። ሴትየዋ ወደ ወላጆቹ ተመለከቱ። ከዚያ እጃቸው ወጣ። ስምንት። “የምትቃወሙ።” ሰባት። “ድምፀ ተአቅቦ።” ሁለት፣ አልደገፉም፣ አልተቃወሙም። ከሁለቱ አንዱ እናትየው ቢሯቸው ሄዳ ያነጋገረቻቸው ጋሼ ናቸው።

ስምንት ለሰባት። አለፈ። ግን ልብ በሉ፣ ያለፈው በኛ ምክር ቤት ደንብ ድምፀ ተአቅቦ ስለማይቆጠር ነው። ድጋፍ ከተቃውሞ ከበለጠ በቂ ነው። ሌላ ቦታ “ከተገኙት አባላት ከግማሽ በላይ” የሚል ደንብ አለ። እዚያ ቢሆን ከ17 ዘጠኝ ያስፈልግ ነበር፣ ስምንቱ ይወድቅ ነበር። በእንደዚያ ያለ ደንብ ድምፀ ተአቅቦ ተቃውሞ ማለት ነው። “ቢያንስ አይቃወሙኝ” ብላችሁ የምትለምኑት አባል ሊጠቅማችሁም ሊጎዳችሁም የሚችለው በዚህ ነው። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ምን እንደሚባልም አስቀድማችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ጋ የሰብሳቢው ድምፅ ይለየዋል፣ አንዳንዱ ጋ ሐሳቡ ይወድቃል። ድምፁ በስም ተዘርዝሮ እንዲመዘገብ የሚያስችል ደንብ ካለም ወኪላችሁ ይጠይቁ። በሚቀጥለው ምርጫ ማን ምን እንዳለ መራጩ ማየት አለበት።

በዚያ ቀን ያጨበጨበ ብዙ ሰው አልነበረም። ባለፈው ዓመት በሙሉ ድምፅ ካለፈው ጋር ሲተያይ የተሸነፉ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን ሦስተኛውን ዓምድ ስሞላ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማን፣ ምን፣ የት፣ ከየትኛው በጀት፣ እስከ መቼ። አራተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ የፈጻሚው ክፍል ስም።

ከድምፁ በኋላ ሁለት ነገር ቀርቷችኋል። ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይጸድቃል። ያን ቀን ተገኙ፣ ወይም የጸደቀውን ቅጂ ጠይቁ። እኛ ጸሐፊዎች ሰዎች ነን፣ እንሳሳታለን። አንድ ጊዜ ሁለት የመንገድ ስሞች ተምታተውብኝ ውሳኔው በሌላ መንገድ ስም ተጻፈ። የሰፈሩ ነዋሪ አንብቦ ባይነግረኝ ኖሮ ሠራተኞቹ ወደማይሆን ቦታ ይላኩ ነበር። ከጸደቀ በኋላ ማረም ከባድ ነው፣ ከመጽደቁ በፊት ግን አንድ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው መከታተል ነው። የተባለው ቀን ደረሰ፣ ጉብታው አልተሠራም። እናትየው ከቀኑ ማግስት ማመልከቻ አስገባች። በስብሰባው ላይ፣ የጸደቀውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ከፌስታሉ አውጥታ ገጹንና ተራ ቁጥሩን ጠርታ ውሳኔውን አነበበች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። 3 ደቂቃ ተሰጥቷት ከአንድ ደቂቃ በታች ተናግራ ተቀመጠች። አፈ ጉባኤው ወደ ክፍሉ ኃላፊ ዞሩ። “ቀኑ ያለፈው ለምንድን ነው?” ኃላፊው የቀለም ግዥ እንደዘገየ ተናገሩ። አፈ ጉባኤው አዲስ ቀን አልሰጡም። “በሚቀጥለው ስብሰባ ተሠርቶ ሪፖርት ይቅረብ” አሉ። ጻፍኩት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኃላፊው ፎቶ ይዘው መጡ። ነጭ መስመሮቹ ገና ትኩስ ናቸው። ሁለቱ ጉብታዎች በግራና በቀኝ ይታያሉ። ከቅጹ ዳር “ተፈጽሟል” ብዬ ጻፍኩና ለእናትየው ላሳያት ቀና አልኩ። የነዋሪዎች ወንበር ላይ አልነበረችም። ሰዓቱን አየሁ። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ነበር።